አንዱ ይሂድ ሲባል

ሊቨርፑል ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ናይት ሺፍት እሠራለሁ። የቤቱንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም። ከነዋሪዎቹ አንዱ የዌልስ ሰው ናቸው፤ በልቤ አባባ ነው የምላቸው። ዘጠናን ተሻግረዋል። የመርሳት በሽታው መጀመሪያ የልጆቻቸውን ስም ወሰደባቸው፣ ቀጥሎ እንግሊዝኛውን። ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው የበሉበት ቋንቋ ጠፍቶ የእናታቸው ቋንቋ ብቻ ቀረ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይነቃሉ። ያ ሰዓት ለሠራተኛውም ክፉ ነው፤ ሻይ አይረዳ፣ ቡና አይረዳ። ትራሳቸውን ሳስተካክል እጄን ያዝ ያደርጉና ሁለት መስመር ይላሉ። ሁልጊዜ ያንኑ ሁለት መስመር። መጀመሪያ ጸሎት መስሎኝ ነበር። ብለው ሲጨርሱ ዝም ብለው ያዩኛል፤ የሆነ ነገር ከእኔ እንደሚጠብቁ። እኔ ደግሞ የምመልሰው የለኝም። ብርድ ልብሱን አልብሼ እወጣለሁ።

አንድ ሌሊት ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት። በእንግሊዝኛ ፊደል ሞክሬ አልሆን አለኝ፤ በእኛው ግን ሰተት ብሎ ገባ።

«አ ግዋይዝ ኧ ቤኽጊን ሎንድ ኧ ግዊንት፣
አይ ግዋይድ ኧን ገሚስግ ኤቮር ግላው።»

እንግሊዞቹ ባልደረቦቼ ጉሮሯቸው ላይ የምትሰበርባቸው «ኽ» ለእኔ ምንም አልነበረችም። «ዝ» ብዬ የጻፍኳት ግን በትክክል ዝ አይደለችም። ምላስ በጥርስ መሃል ሾልኮ የሚያወጣት ድምጽ ናት፤ ፊደል የለንም።

እሁድ ሴት ልጃቸው ስትመጣ አነበብኩላት። ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «የሄዝ ዊን ነው» አለችኝ ቆይታ። ትርጉሙን ነገረችኝ፤ የልጆቹ ጩኸት ነፋሱን ሞልቶታል፣ ደማቸውም ከዝናቡ ጋር ተደባልቋል።

«ግዋይዝ» ጩኸት ነው። «ግዋይድ» ደም ነው። በሁለቱ መሃል ያለው ያቺ ፊደል ያጣሁላት አንዲት ድምጽ ብቻ ናት። ሰምና ወርቅ ሲነገረው ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከሰማ በኋላ እንዴት አርፎ ይተኛል? የምተኛው ቀን ቢሆንም፣ ያን ቀን አልተኛሁም። ስልኬን ይዤ ስለ ሰውየው ሳነብ መሸ።

## ወንበር የሚሸለመው እረኛ

ሄዝ ዊን የብዕር ስም ነው። ቤተሰቡ ያወጣለት ስም ኤሊስ ሃምፍሪ ኤቫንስ ነው። ጥር 13 ቀን 1887 ሰሜን ዌልስ ውስጥ ትራውስቨኒዝ ላይ ተወለደ (የእሱ ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ለ11 ልጆች የበኩር ነበር። ገና ጥቂት ወር ሲሆነው ቤተሰቡ ከመንደሯ ወጣ ብሎ ወዳለ ኧር ኧስጉርን ወደሚባል እርሻ ገባ። በ14 ዓመቱ ትምህርት አቆመ። ከዚያ በኋላ በግ ነው። «እረኛ» ሲባል ፀሐይና ዋሽንት የሚታየው ሰው ካለ ይተወው። እዚያ ዝናብ ነው። ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም የሚመጣ ዝናብ።

ዌልሶች አይስቴዝቮድ የሚሉት የግጥምና የዜማ ጉባኤ አላቸው። ለትልቁ ግጥም የሚሸለመው ወንበር ነው። ቀልድ አይደለም፤ ተጠርቦ፣ ተቀርጾ፣ ተሸክመው ቤት የሚያስገቡት እውነተኛ ወንበር። ገጣሚው ስሙን ደብቆ በምስጢር ስም ይልካል። በዕለቱ ያ ስም ሲጠራ ከሕዝቡ መሃል ብድግ ይላል። ያን ጊዜ ነው ማን እንደሆነ የሚታወቀው። ኤሊስ የመጀመሪያውን ወንበር ባላ በምትባል ከተማ በ1907 ወሰደ፤ ሌሎችም ተከተሉ። የብሔራዊው ጉባኤ ወንበር ግን አመለጠው። በ1916 አበሪስትዊት ላይ ሁለተኛ ወጣ።

የብዕር ስሙን በ1910 ያወጣለት ሌላ ገጣሚ ነው። «የተባረከ ሰላም» እንደ ማለት ነው፤ በሸለቆው ጭጋግ መሃል የሚሰነጥቀውን የፀሐይ ጨረር አስቦ ነው ይባላል።

አባባ ከሚሏቸው ሁለት መስመሮች በፊት ያሉትን ሁለቱን ፈልጌ ሳገኝ ደግሞ ደነገጥኩ። ድሮ ይደረደሩ የነበሩት በገናዎች ከወዲያ በአኻያ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅለዋል ይላሉ። ዳዊት የሚደግም ሰው ቤት ያደገ ይህን ለማወቅ አስተርጓሚ አይፈልግም። የባቢሎን ወንዝ ነው፤ ምርኮኞቹ አልዘፍን ብለው በገናቸውን የሰቀሉበት። አያቴ ማታ ማታ ስትደግመው የሰማሁትን ነገር አንድ የዌልስ እረኛ ለራሱ ጦርነት አውሎታል።

## ቦብ

አሁን ወደማልወጣበት ቦታ ልግባ።

በ1916 እንግሊዝ የግዳጅ ውትድርና አወጀች። ኤሊስ ሰው መግደል አይፈልግም ነበር፤ እምነቱም ልቡም እምቢ ብሎታል። እርሻ ላይ ለሚሠራ ሰው መጠነኛ መከለያ ነበረው፤ አገር እህልና ሥጋ ያስፈልጋታላ። ኧር ኧስጉርን ግን ለሥራ የደረሱ ወንዶች ልጆች ከአንድ በላይ ነበሩ። አንዱ ይሂድ ተባለ። ወይ ኤሊስ፣ ወይ ታናሹ ቦብ። ኤሊስ እሱ እንዲሆን ወሰነ። 29 ዓመቱ ነበር።

ታሪኩን የሚተርኩት ሁሉ እዚህ ጋ ሲደርሱ ቶሎ ነው የሚያልፉት። ትልቁ ነገር ከፊት ስላለ ይቸኩላሉ፤ ጦር ሜዳው አለ፣ ወንበሩ አለ። ቦብ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይደርሰዋል። እኔ ግን እዚያ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ላይ ተገትሬ ቀረሁ።

አባቴ ቦብ ነው።

በእኛ 1977 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ከአያቴ ቤት አንድ ልጅ ሲፈለግ የአባቴ ታላቅ ወንድም «እሱ ይማር» ብሎ ሄደ። አልተመለሰም። መቃብር የለውም፣ ሞተ የሚል ወረቀትም አልመጣ። አባቴ ተማረ፣ አስተማሪ ሆነ፣ እኛን ወለደ። ስለ ወንድሙ ቁጭ ብሎ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ነበረች። ደመወዝ በተቀበለ ቀን ለአያቴ ድርሻዋን ሲሰጣት «እንኪ» አይልም። «ላከልሽ» ነው የሚለው። ማን እንደላከ ማንም አይጠይቅም። አያቴም ተቀብላ ከመቀነቷ ትቋጥራለች።

እኛ ልጆቹ እንደ ቀልድ ነበር የምናየው። አንዳንዴ እኛም ከረሜላ ስንቀባበል «ላከልህ» እንባባል ነበር። አባቴ አንድ ቀን ሰማን። አልተቆጣም። ወጥቶ በረንዳ ላይ ተቀመጠ።

«የሞተ ተጎዳ» ይባላል። እውነት ነው፤ የኖረ ቡናውን ይጠጣል፣ ልጁን ይድራል። ግን ይህን ተረት ያወጣው ሰው በሰው ፋንታ ቆሞ የቀረ አይመስለኝም። አጎቴ የወሰነው አንድ ቀን ነው። አባቴ በየወሩ ደመወዝ ሲቀበል ያንን ቀን እንደገና ይኖረዋል። ደግሞ እኮ አመስጋኝ መሆን አለበት። ምን ይበል? «ለምን ሄድክ» ብሎ ሊቆጣው እንኳ የሚችለው ሰው የለም።

በሌላ በኩል፣ ከሄደው ወገን ሆኜ ሳየው ነገሩ እንዲህ ግዙፍ ላይሆን ይችላል። ታላቅ ነዋ። ታላቅ ነው በዝናብ ከብት ፍለጋ የሚወጣው፣ ታላቅ ነው ከጎረቤት ጋር ለጠብ የሚቀርበው። ያን ቀንም ታላቅ ወጣ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ማን አሰበው?

## ጠረጴዛው ላይ የቀረው ወረቀት

ኤሊስ የሰለጠነው ሊዘርላንድ በሚባል ሰፈር ነው። ሊቨርፑል ጫፍ ላይ ናት፤ ለሥራ ስላክ ስንት ጊዜ አልፌባታለሁ። ቁጥሩ 61117፣ ክፍሉ የሮያል ዌልች ፊዩዚሊርስ 15ኛ ሻለቃ። ገና ሁለት ወር እንኳ በቅጡ ሳይቆይ፣ መጋቢት 1917 ላይ፣ ገበሬ የሆኑ ወታደሮች ለእርሻ እንዲያግዙ ወደየቤታቸው ሲላኩ እሱም ሰባት ሳምንት ተሰጠው።

ዘነበ። እረሱ ተብለው ለተላኩ ሰዎች ሰማዩ አልታዘዘም። ኤሊስም አብዛኛውን ጊዜውን ግጥሙ ላይ አዋለው፤ ለዚያ ዓመት ብሔራዊ ወንበር የተሰጠው ርዕስ «ጀግናው» ነበር። ሰባቱ ሳምንት አለቀ። እሱ አልሄደም። ወታደራዊ ፖሊሶች መጥተው ከድርቆሽ ማሳው ላይ ወሰዱት። በጥድፊያው ግጥሙን ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ረስቶት ሄደ። በመንገድ ላይ ከራሱ እያወጣ እንደ አዲስ ጻፈው።

ይህን ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት። እስከዚያ ድረስ ሐውልት ነበር ለእኔ። «ጀግናው» የሚለውን ግጥም የጻፈው ሰው ከፈቃዱ ቀን አሳልፎ ሣር ውስጥ የተገኘ ወታደር መሆኑ ደስ አለኝ። ማንም ሰው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አጎቴም ከቤት የወጣበትን ጠዋት ሲያዘገይ፣ ጫማውን ሦስት ጊዜ ሲያስር ይታየኛል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ከዚያ ማሳ ነው የወሰድኩት።

ሰኔ ላይ ፈረንሳይ ደረሰ። ከዚያ በጻፈው ደብዳቤ አየሩ ከባድ፣ ነፍሱ ከባድ፣ ልቡ ከባድ እንደሆነ ይናገርና ይህች ሥላሴ አትመችም አይደል ብሎ ይጠይቃል። እየከፋውም ይቀልዳል። ሐምሌ 15 ቀን ግጥሙን ፍለር ዴ ሊ በሚል የምስጢር ስም ወደ ውድድሩ ላከ።

ከ16 ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 31፣ ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር አጠገብ ትልቁ ማጥቃት ተከፈተ። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው ነው የተጀመረው፤ አባባ የሚነቁበት ሰዓት ገደማ። የዌልሱ ክፍለ ጦር የፒልከምን ጉብታ ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ከኋላው የነበረ ያገሩ ልጅ በስተርጅናው ሲናገር፣ ኤሊስ ከፊቱ ሲሄድ የመድፍ ጥይት ቁራጭ ሆዱን መታው፤ በጉልበቱ ወደቀ፣ በሁለት እጁም አፈር ጨበጠ። ወደ ሕክምና ጣቢያ ወሰዱት። ረፋዱ ላይ ሞተ። 30 ዓመቱ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጀመረ።

እዚያው ግንባር፣ በዚያው ቀን፣ ፍራንሲስ ሌድዊጅ የሚባል የአየርላንድ ገጣሚም ተገደለ። አሁን አንድ መካነ መቃብር ውስጥ ናቸው።

## ብድግ የሚል ጠፋ

መስከረም 6 ቀን 1917 በርከንሄድ። ከእኛ ከተማ ወንዙን መሻገር ብቻ ነው፤ በባቡር ደቂቃዎች። የዌልስ ብሔራዊ ጉባኤ ያን ዓመት የተደረገው እዚያ ነበር። መድረኩ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ ተቀምጠዋል፤ እሳቸውም ዌልሽ ተናጋሪ ናቸው፣ ጦርነቱንም የሚመሩት እሳቸው ናቸው።

አሸናፊው ፍለር ዴ ሊ ነው ተባለ። መለከት ተነፋ። የሚነሳ የለም። ሁለተኛ ተጠራ። ሦስተኛ ተጠራ። ሕዝቡ ዞሮ ዞሮ ይፈልጋል። ከዚያ ሊቀ ጉባኤው ገጣሚው ከአምስት ሳምንት በፊት ጦር ሜዳ ላይ መውደቁን ተናገረ። ባዶው ወንበር ላይ ጥቁር ጨርቅ አለበሱት። «ጥቁሩ ወንበር» የሚለው ስም ከዚያ ቀን ነው።

በሌላው ጊዜ ቢሆን ሥርዓቱ ሌላ ነው። አሸናፊውን ወንበሩ ላይ ያስቀምጡትና ከራሱ በላይ ሰይፍ ከአፎቱ መዘዝ እያደረጉ ሕዝቡን ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ፤ «ሰላም ነው?» ሕዝቡ «ሰላም!» ብሎ ይመልሳል፤ ሰይፉ ወደ አፎቱ ይገባል። እኛ በቀን ሃምሳ ጊዜ ለማንም የምንወረውራት «ሰላም ነው?» እዚያ በሰይፍ ሥር ነው የምትጠየቀው። በሰላም የተሰየመው ሰውዬ ደግሞ የዚያን ቀን ቀርቷል።

ወንበሩን የሠራው ኦይገን ቫንፍሌተረን የሚባል የቤልጂየም ስደተኛ ነው። ጦርነቱን ሸሽቶ እንግሊዝ የገባ የእንጨት ባለሙያ። እሱ ከቤልጂየም ሸሽቶ እዚህ ዘንዶ ሲቀርጽ፣ የሚቀመጥበት ሰው ከዚህ ሄዶ ቤልጂየም ቀረ። ስደተኛ ስለሆንኩ ይሁን አላውቅም፣ ከሥነ ሥርዓቱ ሁሉ እጁ ነው የሚታየኝ። መሮ ይዞ፣ የማያውቀውን ቋንቋ ወንበር እየጠረበ።

## ኧር ኧስጉርን

በሰኔ ሁለት ቀን ዕረፍት ሳገኝ ሄድኩ። ከሊቨርፑል ሁለት ሰዓት ያህል ነው። መንደሯ አጠገብ ሰፊ ሐይቅ አለ፤ ኤሊስ አላየውም፣ ከእሱ በኋላ ለኤሌክትሪክ የተገደበ ነው። ማዶ ሥራ ያቆመ የኑክሌር ጣቢያ ቆሟል፤ እንደ ሁለት ግራጫ ሳጥን።

መንደሯ መሃል ሐውልቱ አለ። በ1923 የገለጠችው እናቱ ሜሪ ናት። በወታደር ልብስ አይደለም የቆመው። እጀታውን ሰብስቦ፣ እረኛ ሆኖ ነው። ይህ ጥሩ አደረጉ። ቤልጂየም ያለው መቃብሩ ላይ ደግሞ በኋላ በሰዎች ጥያቄ «ታላቁ ገጣሚ ሄዝ ዊን» የሚል ተጽፎለታል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንዲሉ። መቃብር ላለው።

እርሻ ቤቱ አሁን ሙዚየም ነው። እናቱ ሊጠይቅ ለሚመጣ ሰው በሩ እንዳይዘጋ አደራ ብላ ነበርና የልጅ ልጇ አስርት ዓመታት ያንን አደራ ጠብቆ ኖረ። በ2012 ቤቱ ወደ ብሔራዊ ፓርኩ ተላለፈ። ወንበሮቹን አየሁ። ጥቁሩንም አየሁ፤ ዘንዶዎቹ ያምራሉ። ግን ብዙ የቆምኩት ማድ ቤቱ ውስጥ ነው። ዝቅ ያለ ጣራ፣ ትንሽ መስኮት፣ ጠረጴዛ። ሌሎቹ ጎብኚዎች አለፉኝ።

ወረቀቱ የቀረበትን ማዕዘን ሳስብ ቦብ መጣብኝ። ማሳው ላይ ወንድሙን ወስደውት ወደ ቤት ሲገባ ይታየኛል። ጫማው ላይ ድርቆሽ አለ። ጠረጴዛው ላይ በወንድሙ እጅ የተጻፈ ወረቀት አለ። ያነሳዋል? ይተወዋል? አባቴ ቢሆን አይነካውም። እናቱን ጠርቶ «ትቶልሻል» ነበር የሚላት።

ለአባቴ ከዚያው ሆኜ ደወልኩ። ስለ ቤቱ ነገርኩት፣ ስለ በጎቹ ነገርኩት። ስለ ቦብ ስነግረው ትንሽ ዝም አለ። «ስንት ዓመት ኖረ ታናሽየው?» አለኝ። «ብዙ» አልኩት። «እሺ» አለ። ከዚያ እዚያ ዝናብ መዝነቡን ጠየቀኝ።

ማክሰኞ ሌሊት ሥራ ገባሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአባባ መብራት በራ። ትራሳቸውን አስተካከልኩ፣ እጄን ያዙ። ያን ሌሊት የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ብለው አቆሙ። ሁለተኛውን ረሱት። ዓይናቸው ጣራው ላይ ይፈልጋል። ደብተሬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ግን በቃሌ ይዤዋለሁ።

«አይ ግዋይዝ…» ብዬ ጀመርኩ።

ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። አንድ ጣታቸውን አነሱ፣ እንደ አስተማሪ።

«ግዋይድ» አሉኝ።

«ግዋይድ» አልኩ።

«ግዋይድ ኧን ገሚስግ ኤቮር ግላው» ብለው ራሳቸው ጨረሱት። ከዚያ «ፓነድ» አሉ። ይህቺን እንኳ ድሮም አውቃታለሁ፤ ሻይ ነው። ሄጄ ውሃ ጣድኩ።